የሸራው በረሃ

ጅማ ነው፣ ነሐሴ፤ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሰማዩ ይወርዳል፤
የሂርማታ ጭቃ ቦቲ ጫማ ይውጣል፣ አንዳንዴም ይወልዳል።

እኔ ግን በረሃ አለኝ።
አራት ሜትር በሦስት፣ በምስማር የተያዘ፣
ጥጉን ሻጋታ የበላው፣ ከክረምት ክረምት የወዛ፤
ታጁ ነው የሣለው፣ በአንድ ኩንታል በቆሎ ዋጋ፣
ቀሪውን ሒሳብ የሚጠይቀኝ ክረምት ከበጋ።
አሸዋው ከግድግዳ ቀለም የተረፈ ቢጫ፤
ፀሐይዋ የምትጠልቀው ከሶኬቱ በላይ ብቻ።
ታጁ ግመል አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው በቅሎ ነው፤
ስለዚህ የኔ ግመል ጆሮው የበቅሎ ነው፤
ሻኛው ብቻ ቀርቶ
«ግመል ነኝ» እያለ ይከራከራል።
ከፊቱ አግዳሚ አለ፣ ምንጣፍ የለበሰ፤ ወገቡ እሱ ነው።

ከጎኑ ባለ አራት እግሩ ሞተር፣
መንገድ ሠሪዎች ጥለውት የሄዱ፣ ሞተር የሌለው ሞተር።
ልጆች ይወጡበታል፤ አፋቸው ነው ሞተሩ፤
በምራቅ ሲያስጮሁት፣
ጎማው ሳይነቃነቅ ጅሬን ዳገት ይደርሳሉ።

አንድ ቀን ጉሌድ የሚባል የጅጅጋ ሹፌር ለመታወቂያ መጥቶ
ሸራውን አየና ሳቀ፤ ሳቀ፤ ኋላ ዝም አለ።
«ጉልበቱ ተሳስቷል፤ በዚህ ጉልበት የተንበረከከ ግመል አይነሣም።»
«አይነሣም፤ እዚሁ ነው የሚኖረው» አልኩት።
ጨምሮ ከፈለኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ራውዳ መጣች፣ የቆጪዋ፣ ጥላዋ ተገልብጦ፤
ከዱባይ ከተመለሰች ወር አልሞላትም።
ጉርድ ፎቶ መስሎኝ ነጩን መጋረጃ ልዘረጋ ስል
«አይ፤ ያንን» አለችኝ፣ በአገጯ።

«ስድስት ዓመት በረሃ ነበርኩ» አለች ጫማዋን እያወለቀች።
«ከቀትር በኋላ ይመጣሉ፣ በመኪና ተጭነው፤
ባለ አራት እግሩን ያስጮሁታል፣ አሸዋው እንደ ዱቄት ይቦናል፤
ከዚያ ግመል፤ እየጮኹ ይወጣሉ፣ እየጮኹ ይወርዳሉ፤
ከዚያ እራት።
ከእራቱ ኋላ እኔ።
ሁለት መቶ ሳህን፣ ከድንኳኑ ጀርባ፣ አንድ በርሜል ውኃ።
ፀሐይ ስትጠልቅ አላየሁም፤ ሁልጊዜ ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር።
አንዲት ግመል ነበረች፣ የሩዝ ትራፊ አበላት ነበር፤
አዌቱ አልኳት፣ ወንዛችን ሲናፍቀኝ።
ስድስት ዓመት አጠገቧ ቆሜ ሳህን አጠብኩ፤
አንድ ቀን አልወጣሁባትም።»
«ክልክል ነው?»
«አልጠየቅኩም።»

አግዳሚው ላይ ወጣች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች።
ቀና በይ አልኳት፤ ቀና አለች።
አገጭሽን ዝቅ አልኳት፤ አላደረገችም።
«ፀሐይዋ በየት ናት?»
«ከኋላሽ፤ ከሶኬቱ በላይ።»
ዞረች።
ጀርባዋን ለእኔ፣ ፊቷን ለታጁ ፀሐይ ሰጥታ፣
«እንዲህ አንሣኝ» አለች።

ሠላሳ ዓመት ፊት ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤
ጀርባ አንሥቼ አላውቅም።
አነሣሁ።

መብራት ጠፋ፤ የዘወትር ነው።
በጨለማው ከግመሉ አልወረደችም።
ደጅ ወጥቼ፣ ከጎረቤት በር ሥር፣ ሁለት የበቆሎ ጥብስ ገዛሁ፤
አንዱን ወደ ላይ አቀበልኳት፤
«እራት ነው፤ ሳህን የለውም።»
ቆርቆሮው ያን ያህል እየተደበደበ
ሳቋን ሰማሁት።

ስትጨርስ፣ ክብሪት ስጭር አየሁ፤
ቆሮቆንዳውን ወደ ሸራው ግመል አፍ አስጠግታ፣
ቀስ ብላ ስም ትጠራለች።

ጥላሸቱ አለ እስከ ዛሬ፤ አላጸዳሁትም።
ታጁ አይቶት፣ «ይህን እኔ አልሣልኩትም» አለኝ፤
ቀረብ ብሎ፣ ጥቂት ቆይቶ፣
«እዚህ ጋ ግን ግመል ይመስላል።»