ሁለት የቼዝ ወታደሮች

አዘዞ ኳስ ሜዳ በኖራ ተሰምሯል፤
ጠጠሩ ሰው ሆኖ በየቤቱ ቆሟል።
ጋሻዬ ካርቶን ነው፣ የፍሪጅ ማሸጊያ፤
ጎፈሬዬ ምንጣፍ፣ የእግር መጥረጊያ።

«ወታደር፣ ሁለት ቤት!» አስማረ አዘዘ፤
ከማዶ አንጓች መጣች፣ መንገዴ ተያዘ።
ወታደር ወታደርን ፊት ለፊት አይበላም፤
ወደ ኋላ ብንል ሕጉም አይላላም።

ፈረስ በአናታችን ዘሎ፣ ዘሎ አለፈ፤
ዓይኗ ዓይኔ ላይ አርባ ደቂቃ አረፈ።
ግንባችንን በሉት፤ ሕዝቡ ጮኾ ሲያማ፣
ያኛው ግንብ ግን አለ፣ ከላይ፣ ከከተማ።

«ጢምህ ተላቀቀ» አለችኝ ቀስ ብላ፤
ጠላቴ ለጠፈችው፣
ጦሯን መሬት ጥላ።

የማን ንጉሥ ሞተ? እኛ አልሰማንም፤
ኖራው ጠፍቶ፣ መሽቶ፣
ገና አልተላለፍንም።