ከጎማ ጠጋኟ፣ ለሊዝል

ቁጭ በይ እዚህ፣ ልጄ፣ ጎማሽ እስኪነፋ፣
ከዚህ በኋላ እኮ አስፋልቱ ጠፋ።
መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር፣ ጠጠር በጠጠር፣
ስለቱ እንደ ምላጭ፣ ጎማ የሚመትር።
አንድ ትርፍ ጎማ ብቻ ይዘሽ መጣሽ?
ማን ይሆን እንዲህ አድርጎ የቀጣሽ?
ሁለተኛውን እኔ አውስሻለሁ፤
አሮጌ ነው፣ ግን በእጄ ጠግኜዋለሁ።

እስቲ ሻንጣውን ክፈቺው፣ ልየው፣
ይሄ ሁሉ የብር ክንፍ የምን ነው?
ጥሩ፣ ክንፉም ይሂድ፣ አልጠላም እኔ፣
ግን ውሃው የታለ? አላየሁም በዓይኔ።
ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን፣ አምስት ሊትር ይባላል፣
እኔ ሰባት እላለሁ፤ እግርም ይታጠባል፣
ጎረቤትም ይጠማል።
ግማሹን በረዶ አድርጊው፣
ሥጋና ወተትሽን መሐሉ አኑሪው፣
ሲቀልጥ ደግሞ ጠጪው።

ድንኳኑ አዲስ ነው፣ ዋጋው እንደተለጠፈ፤
ነፋሱ ዋጋ አያነብም፣ ስንቱን አከነፈ!
እነዚህ ካስማዎች የጥርስ መፋቂያ ናቸው፤
ይኸው የብረት ዘንግ፣ ክንድ ከስንዝር ቁመታቸው፣
አዘንብለሽ በመዶሻ ቅበሪያቸው፣
ጫፋቸውን ባዶ ሃይላንድ አልብሻቸው፤
በጨለማ ለሚጨፍር ቁርጭምጭሚት አይራሩም።
የዚፑን ጥርስ ሻማ ቀቢው ዛሬ፣
አቧራ ከነከሰው፣ ሽንትሽ በመጣ ሌሊት፣ አይለቅም እንደ አውሬ።

ደግሞ ብርዱ! «በረሃ አይደል እንዴ?» ትያለሽ፤
ቀን ያወለቅሽውን ሌሊት ትለምኛለሽ።
ይሄን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ውሰጂ፣
የባሌ የዲርኪ ነበር፤
እሱ አሁን አይበርደውም፣ ሌላ ሰው ይሙቀው እንጂ።

«አንቺስ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አልሽኝ።
አልሄድሁም። አንድም ቀን።
ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ደጃፍ ተቀምጬ
በዓሉን የማውቀው ተመልሶ በሚመጣው ነው።
ሲሄዱ የሙሽራ አጃቢ፣
ሲመለሱ ወፍጮ ቤት የዋሉ ይመስላሉ፤
ከንፈራቸው ተሰንጥቆ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣
የአንዱ ጫማ በሲባጎ ታስሮ፣
የሌላዋ መነጽር በፕላስተር ተጣብቆ፣
ግን ይስቃሉ። ለምን እንደሚስቁ አይነግሩኝም፤
እኔም የምጠይቀው የጎደላቸውን ነው።
ቫዝሊን፣ ይላሉ። ጨው። የእጅ ባትሪ። የጆሮ መድፈኛ።
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣
ኩዊንተን የሚባል ልጅ ይህን ያውቀዋል፤
ጊታር ይዞ ክሪክ የረሳ፣
ፀሐይ አናቱ ላይ ቆማ
ሦስት ሰዓት ሙሉ ለድንጋይ ዘፈነ።
ድንጋይ ደግ ነው፣ አቋርጦት አልሄደም።

ቆሻሻሽን ይዘሽ ተመለሺ፤
የሐብሐብ ልጣጭ፣ የሲጋራ ቁራጭ፣
ከክንፍሽ የረገፈች አንዲት ብልጭልጭ እንኳ።
ባዶ ቢመስልም ሜዳው ባለቤት አለው፣
ያብረቀረቀውን ሁሉ አበባ ነው ብላ
የምትበላ ዔሊ አለች።

ይኸው፣ ጎማሽ ደረሰ።
ለጎማው መቶ ሃያ ራንድ፤ ለምክሩ ምንም።
ክሪኩንም ውሰጂው፣ ግን መልሺልኝ፣
ስንቱ «እመልሳለሁ» ብሎ ሸኘኝ።
ብርድ ልብሱን ግን እንዳታጥቢው፤
አቧራውን እንደያዘ፣ ጠቅልለሽ አምጪው።
ዲርኪ «ለከርሞ እንሄዳለን» ይል ነበር፣ በየዓመቱ፣
ይሄንኑ መፍቻ እንደያዘ።
ሰኞ ደጃፌ ላይ አራግፈዋለሁ፣
ቀስ ብዬ፣ ነፋሱ ወደ እኔ ሲሆን።

ሂጂ በይ፣ ሳይመሽ።
ከስልሳ በላይ እንዳትነጂ።