ቀሪው ለከርሞ

ከብርቱካን እርሻው ማዶ፣ ከኪርያት መላኪ ዳር፣
ጎማ በጎማ ተከምሮ ኮረብታ ሆኖ ነበር።
ማን እንደጣለው እንጃ፤ ሌሊት ነው የሚጥሉት፣
መብራት አጥፍተው መጥተው፣ ገልብጠው የሚሄዱት።
በክረምት ውሃ አቁሮ ትንኝ ይፈለፍላል፣
በበጋ አንዱ ጎረምሳ ክብሪት ይጭርበታል፤
ያኔ ሦስት ቀን ሙሉ ሰማዩ ጥቀርሻ ነው፣
የተሰጣ ልብስ ሁሉ ዳግም የሚታጠበው።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣
ገንዘብ የት እንደገባ እንጂ ለምን እንደወጣ የማልጠይቅ፣
አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደብዳቤ ደረሰኝ ከሚኒስቴሩ፣
ቃሉ ቁጥብ፣ ማኅተሙ ሰፊ፣ ዝርዝር ነው ቁጥሩ፦
ያረጀ ጎማ አስፈጭቶ
ለመንገድ ወይም ለልጆች መጫወቻ ወለል ለሚያውል ከተማ፣
ከመቶ ስልሳው ከመንግሥት፤
አርባውን ራሱ ይሸከማ።

ምክር ቤቱ ተቀመጠ። አቶ ኖሪኤል ሽታውን ፈራ፣
ወይዘሮ ሲግሊት የልጆች ስብራት አነሣች፣ የካሳ ኪሳራ፤
አንዱ «ልጆቼን በቆሻሻ ላይ?» ብሎ ጠረጴዛ መታ፣
አንዱ ስልኩን አየ፣ አንዱ ብስኩት በላ በእርጋታ።
ከኋላ፣ ሕዝብ በሚቀመጥበት ወንበር፣
ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አባቴ እንዳላማው ነበር።
እጁን አወጣ። ዕብራይስጡ አጭር ነው፣ እኔ አስተረጎምኩ፤
«ዋጋው ስንት ነው?» አለ። የቶኑን ዋጋ ነገርኩ።
«ቶኑን አይደለም» አለኝ፣ «የአንድ እግር ልክ ስንት ነው?»
ይህንንም አስተረጎምኩ። አዳራሹን ሳቅ ሞላው።

አልፈረድኩባቸውም። በሰባ ስድስት ጎንደር ገበያ አልነበሩም፣
ከበርበሬ ተራ ኋላ ያንን ሰውዬ አላዩም፦
የጭነት መኪና ጎማ ዘርግቶ እግርህን ያስረግጥሃል፣
በከሰል ዙሪያህን አስምሮ በካራ ይቆርጥልሃል።
በረባሶ።
አራት ጥንድ ገዛ አባቴ፦ የራሱን፣ የእናቴን፣
የታናሽ ወንድሙን የአስማረን፣ ከሁሉ የሚያንሰውን የእኔን።
እኛም ሌሊት ነበር የወጣነው፣ መብራት ሳይበራ፣
ቀን ከቁጥቋጦ ሥር፣ ሌሊት ከሚመራን ሰው ጋራ።
አሸዋው ላይ የጎማ ጥርስ እያተምን ስናልፍ፣
አስማረ አለ፣ «ሽፍታው መኪና መስሎት ይለፍ!»
ሳቅን። ሳቁ ሳያልቅ ውሃው አለቀ።
ጫማው እንኳ አላለቀም፤ ጎማ መቼ ያልቃል?
ያለቀው ባለቤቱ ነው። አሸዋው ያውቃል።

ስምንት ለአምስት ጸደቀ። መዝገብ ከፈትኩ፣ ቁጥር ሰጠሁ፣
በሚያዝያ ከረጢቱ ሲራገፍ ወርጄ አየሁ፤
እንደ ኑግ የጠቆረ፣ እንደ ኑግ የደቀቀ፣
ጎማነቱን የረሳ፣ ከመንገድ የተላቀቀ።
«ዞሮ ዞሮ ከቤት» ይላሉ፤ ይኸው ዞሮ የመጣ፣
ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ሲዞር ኖሮ ዥዋዥዌ ሥር የተሰጣ።

ታዲያ ሙጫው ተወደደ። ወለሉ ከመንሸራተቻው ተነሥቶ
ዥዋዥዌው ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ገንዘቡ አልቆ፣ ሥራው ተገትቶ።
ከዚያ ወዲያ አሸዋ ነው።
ሪባኑ ግን ተቆረጠ፤ ፎቶም ተነሡ፤ ኬክም ነበረ።

አመሻሽ ላይ አባቴ መጣ። ጫማውን ፈታ፣ ካልሲውን አወለቀ፣
በባዶ እግሩ በወለሉ ሄደ፣ እየረገጠ፣ እየለቀቀ፤
ድንበሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።
ልጄ ያህሊ ከወዲያ ማዶ፣ አሸዋ እየዛቀ፣
«አያቴ፣ ወደዚህ አትመጣም?» ብሎ ጠራው።
«እሱን ሄጄዋለሁ» አለው።

ክምሩ ከእርሻው ማዶ ግማሹ አሁንም አለ።
በማግስቱ መዝገቡን ገለጥኩ፦
የተሠራ፣ ግማሽ።
የተከፈለ፣ ሙሉ።
ቀሪው፣ ለከርሞ።

ለከርሞ! አያቶቼ በየዓመቱ
ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው የሚሉት፣
ብዙዎቹም ሳይደርሱ ያሉት።
ቃሉን አልሰረዝኩትም። ከሥሩ አሰመርኩና
የበጀት ቁጥር ጻፍኩለት።