ሌላ ካለ ይግለጹ

መቶ ሃያ መጠይቅ በላስቲክ ጠቅልዬ፣
ከሳቢያን ወረድኩኝ በባጃጅ ታዝዬ።
የመመረቂያዬ ርዕስ፣ ሁለት መስመር ሙሉ፣
«ከባቡሩ ወዲህ፣ ጡረተኞች ሁሉ
በምን ተሳሰሩ» ነው ባጭሩ ሲባል፤
አማካሪዬ ግን «አጥብበው» ብሎኛል።

አጠበብኩት፦ ከከተማው ወደ ለገሃሬ፣
ከለገሃሬ ወደ አንድ የቆርቆሮ በር። ዛሬ
ሰዓቱ ሰባት ነው፤ ድሬ መዝጊያዋን ዘግታ
ጋደም ብላለች፤ ፀሐይ ብቻዋን ወጥታ
አስፋልት ታቀልጣለች።

«ግባ አቦ! አናትህ ጋለ» አለኝ ሽማግሌው፣
የወንበሩን አቧራ በሽርጡ ጫፍ እየጠረገው።
«ስም አልጽፍም» አልኩት፣ «ደንቡ ይከለክላል፤
አርባ አንድ ነዎት እርስዎ፣ ምስጢር ይጠበቃል።»

ሳቀ። ጥርሱ ቡናማ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት
በጠመኔ ቁጥር ጻፍኩ በየፉርጎው ደረት፤
አንዱም ፉርጎ ‹ስሜስ?› ብሎኝ አያውቅም፤
እኔ ግን ፉርጎ አይደለሁም፣ ዝም አልልም፤
ጻፍ፦ ሮብሌ ጉሌድ።»
          አልጻፍኩም።

ጥያቄ አሥራ አራት፦ «ባለፈው ወር ውስጥ
ጎረቤት ስንት ጊዜ ጠየቁ?» ምርጫ ስሰጥ፣
ሀ. በየቀኑ፣ ለ. አልፎ አልፎ፣ ሐ. ጨርሶ፣ መ. ሌላ ካለ…
አቋረጠኝና፣ የቆርቆሮውን ግድግዳ በጣቱ እያሳየኝ፣ አለ፦
«ከዚህ ወዲያ አስካለ አለች፣ የበያጁ ሚስት፣
ባሏ ካረፈ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ትመታለች ሦስት፤
ሦስት እመልሳለሁ። በቃ። ቃል የለም።
ጉልበቴም እምቢ ብሏል፣ ደጇ አልደርስም።
ያልመለስኩ ቀን በሬን ትስበር፣ ውላችን ይኸው ነው።
ይሄ መጠየቅ ነው? ሀ ነው ወይስ ሐ? ለጆሮዬ አንድ ነው።»

ነጠብጣቧ መስመር የጣት ርዝመት አላት፤
በኅዳጉ ዞርኩ፣ አልበቃኝም፣ ወረቀቷን ገለበጥኳት፤
ጀርባዋም ሞላ።

አማካሪዬ በቀይ፦ «መረጃ ነው ወይስ ወግ?»
ኮምፒውተሩም ሣጥን አጣለት፤ ታዲያ ምን ላድርግ?
ዘጠና ዘጠኝ ብዬ መዘገብኩት፣ «ያልተመደበ»፣
ሰውዬው እዚያ ቁጥር ሥር አንገቱን ደፍቶ ገባ።

ሌሊት፣ ሳቢያን፣ በተከራየኋት ክፍል፣
የጎን ተከራይ ይስላል። ስሙን አላውቅም፤ ስምንት ወር ሙሉ ይስላል።
ኮምፒውተሩን ከደንኩት።
ግድግዳውን ሦስት ጊዜ መታሁት።

ሳሉ ቆመ።