የቁርጭምጭሚት ሂሳብ

ፈረስ መጋላ ላይ ፈረስ የለም ዛሬ፤
ባጃጅ ያፏጫል፣ ጫት ያወርዳል ገበሬ።
እኔ ብቻ ነኝ በበቅሎ የመጣሁ፣
ከኮርቻው ስወርድ፣ «እፎይ» በማለት ፈንታ «ወይኔ እግሬን!» ያልሁ።

ሞተር ነበረኝ፣ የመሥሪያ ቤት ሞተር፣
የከብት ክትባት በበረዶ አዝዬ ገጠር ለገጠር የምዞር።
ባቢሌ ቁልቁለት ላይ፣ በአሸዋ ተንሸራቶ፣
እሱ ገደል ገባ፤ እኔን ተወኝ እዚያው፣ ቁርጭምጭሚቴ ወጥቶ።
ለእሱም፣ ለእኔም፣ መለዋወጫ ጠፋ፤
እኔን ወጌሻ አሸኝ፣ እሱ ግቢ ተደፋ።
ከዚያ ቢሮው በቅሎ ሰጠኝ፣ ስሟ ድንገት፣
በሦስት ፊርማ፣ በአንድ ማኅተም፣ ከንብረት መዝገብ ላይ ቁጥር ስድሳ ሰባት።

እርካቡ የአባቴ ነው። ቀጭን ቀለበት፣
አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት።
ለእሱ በቅቶት ኖሯል፤ ጫማ አያውቅም፤
እኔ ግን ክብደቴን በአንድ ጣት አላቆምም።
ቦቴ አይገባበትም፤ በጫፉ ስረግጠው
ከተረከዝ እስከ ጉልበት የጋለ ሽቦ ነው።
አርባ ላም ወግቼ ከኤረር ስመለስ፣
ከላሞቹ ሁሉ እኔው ነኝ የማለቅስ።

መጀመሪያ ሰዓዳ ሱቅ ገባሁ፣ ከሸዋ በር ወዲህ፤
ከካርቶን አወጣችልኝ፣ «በጅቡቲ የገባ ነው፣ ወንድሜ፤ ኦርጅናል ነው ይህ!»
መርገጫው ሰፊ፣ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ እሺ የሚል፤
«ሰባት ሺህ። ለአንተ ስል ስድስት ተኩል።»
ሕመሙ ከእግሬ ተነሥቶ ኪሴ ውስጥ ገባ ማለት ይቻላል።
መርቄያት ወጣሁ፤ ምርቃት ዋጋ አይቀንስም፣ ግን ያስወጣል።

ከቀጥቃጮቹ ሰፈር ረምዚ የሚሉት አለ፤
እናቴ ብትኖር «አትጠጋው» ባለችኝ፣ «የቀጥቃጭ ዓይን ይበላል» እየተባለ።
ቀና አላለም ከፍሙ። የአባቴን እርካብ ሳሳየው፣
«ብረቱን አስቀምጠው» አለኝ፣ «እግርህን ነው የማየው።»
ካልሲዬን አወለቅሁ፤ አፈርሁ፣ ቀዳዳ ነበረው።
እስከ ጥጉ አስኬደኝ፣ አስመለሰኝ፤ አሁንም፣ እንደገና።
ከመኪና ግርግር የልብስ ስፌቱ ድምፅ ይንጣጣል፤ እኔ በአንድ ካልሲ፣ እንደ ሙሽራ፣ በዝግታ በጎዳና።
ከዚያ ድንገትን አያት፣ ከግንቡ ሥር እንደቆመች፤
«የቀኝ ጠፍርህ» አለ፣ «በሁለት ቀዳዳ አጥራለች።»

ያሳጠርሁት እኔ ነኝ፣ የወደቅሁ ሰሞን፣ አዝኜ ለእግሬ፤
ለካ በማዘኔ ሰቅዬው ኖሬ።

«ጠፍሩን አርዝም፤ ይህ ገንዘብ አይፈልግም።
መርገጫው አራት ጣት ይስፋ፤ ጎንና ጎኑ ከቦትህ በአንድ ጣት እንጂ በሁለት አይበልጥም።
ከጠበበ ይነክስሃል፤ በወደቅህ ዕለት አይለቅህም፣ ትጎተታለህ፤
ከሰፋ እግርህ ይሾልካል፣ በዚሁ በሽተኛ ቁርጭምጭሚትህ ትንጠለጠላለህ።»

ከሞተ ፔጆ ባሌስትራ ቆርጦ ቀጠቀጠ፤
ከዚያው ከፔጆው ጎማ መርገጫ አለበሰው፣ እንዳያንሸራትት ጥርስ ጥርሱን መረጠ።
«ስንት?» «ዘጠኝ መቶ። አሮጌውን ጥንድ ከጣልህልኝ፣ ስድስት።»
አባቴን በመዳፌ መዘንሁት። ምን ያህል ቀላል ነው፣ አንድ ሰው በጣቱ አርባ ዓመት የቆመበት!
አንዱን ሰጠሁት። አንዱን ወደ ኪሴ መለስሁ።
«አንድ እርካብ ምን ይሠራልሃል?» «ለበር እጀታ» አልሁ።
ሳቀ። ሰባት መቶ ኀምሳ ቆጠርሁ።

በኤረር በር ወጣሁ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ።
ቦቴ ሙሉውን ገባ፤ ተረከዜ ወረደ፤ ድንገትም ገረማት፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ሰው አይነጫነጭም፣ አይሳቀቅ።
ሕመሙ አልሄደም። አለ።
ድምፁን ግን ዝቅ አደረገ፣ እንግዳ እንደመጣበት ሰው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ እያለ።

እናቴ ሆይ፣ እውነትሽን ነው፤ የቀጥቃጭ ዓይን ይበላል፤
የኔን ሕመም በልቶ ግማሹን አትርፏል።
ለቀሪው፣ ጎማው ሲላላ ና ብሎኛል።