ለጓደኛዬ ነው

ባሪሳል ወደብ ላይ፣ ጀልባ ከሚቆምበት፣
መድኃኒት እሸጣለሁ፣ ከቆርቆሮ ቤት።
ክረምቱ ሲገባ፣ ወንዙ ደጅ ሲደርስ፣
ሽርጥ አይደርቅም እዚህ፤ ገላም እንደ ልብስ።

ያን ጊዜ ይመጣሉ፤
ቀዛፊው፣ ተሸካሚው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ሁሉ፣
ሰው እስኪሄድላቸው ዳር ዳር እያሉ።
"ጓደኛዬን" ይላል፣ "ያሳክከዋል ሌት፣
ፍንጥር ፍንጥር ያለ፣ ትንንሽ እብጠት።"
የት እንደሆን አይልም። እኔም አልጠይቅም።
ብሽሽት የሚባል ቃል እኔ ሱቅ አይታወቅም።

ቀይ ቱቦ አለች አንዲት፣ ከመደርደሪያው ጫፍ፤
ርካሽ ናት፤ ፈጣን ናት፤ ደንበኛ እንዳያልፍ።
ሦስት መድኃኒት ናቸው በአንድ የተዋሐዱ፣
ስቴሮይድ የሚሉት ከመካከል አንዱ።

ሞክሌስ፣ ቀዛፊው፣ ሰባት ጊዜ ገዛ።
"በሦስተኛው ቀን ጠፋ፣ ተመስገን" ብሎ ነበር፤
በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ተመልሶ ሲዞር፣
ዙሪያውን ቀልቶ፣ መሐሉ ጠውልጎ፣
እንደ ጀልባ ገመድ ክብ ክቡን አድርጎ፣
ጭኑን አልፎ ወርዶ፣ ወገቡን ታጠቀ፤
እኔ ሌላ ቱቦ ሰጠሁት፤ እሱ ሳቀ።

ሌላም ነገር አለ።
እዚህ ስደርስ ሁሌ ምላሴ ይከብዳል።
ሸፋሊ፣ ሚስቱ፣ ልጇን ትልካለች፤
"እናቴ 'ቀይዋን ስጡኝ በል' ብላለች።"
ሃምሳ ታካ፣ በጨርቅ ጫፍ ተቋጥሮ።

እሱ ከሷ ሸሽጎ፣ እሷ ከሱ ሸሽጋ፣
ጥፍራቸውን ይዘው ሲጠብቁ እስኪነጋ፣
በአንድ አልጋ፣ በአንድ ፎጣ፣ የአንድ ሱቅ ደንበኛ፤
ሁለቱንም አውቄ፣ እኔ ብቻ ስተኛ።

ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሐሙስ የምታክም፣
ኑዝሃት የምትባል አንዲት ወጣት ሐኪም፣
ሰባት ባዶ ቱቦ በላስቲክ ቋጥራ፣
ደረደረቻቸው ፊቴ ላይ፣ ቆጥራ።
አልጮኸችም።
"ቆዳው እንደ ራሰ ወረቀት ሳስቷል" አለች።
"ጭርት ነው፤ ፈንገስ ነው። የእርስዎ ቅባት ደግሞ
ውሻውን ያስተኛል፣ ሌባው በር ላይ ቆሞ።"

ከዚያ አስተማረችኝ፣ እንደ ልጅ፣ በትዕግሥት፦
"ሁሉም አንድ አይደለም የብሽሽት እብጠት።
ሌሊት የሚብሰው፣ ጣት መሐልም የሚወጣው፣
ልጆቹን ጭምር ከእንቅልፍ የሚያስነሣው፣ እከክ ነው።
መድኃኒቱ ለቤተሰቡ ሁሉ ነው፤ በአንድ ማታ፣
ከአንገት እስከ እግር ጥፍር፣ ከሳምንት በኋላም ድጋሚ፤
አንሶላው በፈላ ውኃ።
ምላጭ ባለፈበት፣ ከጸጉር ሥር ያበጠ እንደሆነ
ምላጩ ይረፍ፤ ሙቅ ጨርቅ ይያዝበት፤ አይፍረጥ።
መግል ቋጥሮ ትኩሳት ካመጣ፣ አይሽጡለት፤
ወደኔ ይላኩት።
አዲስ ሳሙና፣ አዲስ ሽቶ ካለም ይጠይቁ።
የሞክሌስ ግን ጭርት ነው፤ ስለሰፋ የሚዋጥም ሰጥቼዋለሁ።
ቀለል ላለው የፈንገስ ቅባት ብቻ፣ ስቴሮይድ የሌለበት፣
ከቀላው ጠርዝ ሁለት ጣት አልፎ፣
ጠፋ ከተባለም በኋላ ሁለት ሳምንት።
'ጠፋ' እና 'ዳነ' ወንድማማች አይደሉም፣ አቶ ኒኩንጆ።"

ቦርሳዋን አነሣች። ደፉ ላይ ቆም አለች።
"ከሱ ጋር የሚተኛው ማነው?" ብላ ጠየቀች።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር።
"ሚስቱን ይጥሯት" አልሁ።
ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልወጣኝም።

አሁን ቀይዋ የለችም። ደንበኛም ሸሽቶኛል፤
ከማዶ ያለው ሱቅ ዛሬም ይሸጣታል።
የሞክሌስ ጭን ላይ ሰንበሩ አልጠፋም፤
የሳሳው ቆዳ ነው፣ እንደ ድሮው አይሆንም።
ግን ዝናቡ ሲያባራ፣ ጀልባው ገመድ ላይ፣
ሁለት ፎጣ አያለሁ፣ ለየብቻ፣ ፀሐይ ላይ።

ትናንት ሲመሽ ደግሞ አንድ ጎረምሳ መጣ፤
ሰው እስኪወጣ ቆመ፣ ከጣሪያው ጠብታ ሥር።
"ለጓደኛዬ ነው" አለ።
በሩን ገርበብ አድርጌ ወንበሩን ሳብሁለት፤
"ጓደኛህ ይቀመጥ" አልሁት።