ካርታ

ዓርብ ነው፤ ሻርጃ፥ ሮላ፥ ከልብስ ስፌቱ በላይ፥
አልጋ በአልጋ ሆኖ ወለሉ ከማይታይ
ከስድስት ሴቶች ክፍል፥ ከላይኛው አልጋ ጫፍ፥
ትርንጎ ካርታ ዘረጋች፤ የቤንዚን ማደያ ጽሑፍ
በጀርባው የታተመ፥ በነጻ የታደለ፥
ዳሩ ሻይ የጠጣ፥ እጥፉ የቆሰለ።

«አውሮፕላን ለቸኮለ ነው፤ እኛ በባስ ነን» አለች፤
ሂና የቀባችው ጣቷን መስካት ላይ አሳረፈች።
«ከመስካት ሌሊቱን ተጉዘን ሳላላ፤ ሐምሌ እዚያም ክረምት ነው ለካ፥
ጉም ተራራ ያለብሳል፤ ግመል ነው ጭቃ የሚያቦካ።
ተመልሰን በሳዑዲ፥ በደማም አድርገን ማታ፥
ባሕሩን በድልድይ አልፈን፥ ባህሬን የአንድ ቀን ቆይታ፥
ከዚያ ኩዌት፥ እኅቴ ጋ፤ መኝታ በነጻ ነው።
አሥራ አምስት ቀን፥ አራት አገር፤ ሂሳቡን አንቺ ሥሪው።»
ነፊሳ ከታች አልጋ «እኔንም ቁጠሩኝ» አለች።

የሰው ጥፍር ስሞርድ ነው ሳምንቴ የሚያልፈው፤
ቁጥሩንም ያዝኩና ሞረድኩት፥ ትርፍ ትርፉን ላራግፈው፦
ሆቴል፦ ተሰርዟል፤ ባስ ውስጥ ነው መተኛት።
ምሳ፦ ቱና በዳቦ፤ ራት፦ የምሳው ቅሬት።
ቆሎ፦ ከባቲ የመጣ፥ ሁለት ኪሎ፥ ለመንገድ፤
የድንበር መውጫ ሠላሳ አምስት፤ ይህን ማን ያስወርድ?
ውሃ ከየመስጊዱ በር፤ ማንንም አይከለክልም፤
ፎቶ በነፊሳ ስልክ፤ የኔ ጨለማ አይችልም።
በነፍስ ወከፍ ሁለት ሺ ስድስት መቶ።
ሐሳብ ለአንድ ሌሊት ከሂሳብ ጋር አደረ፥ ተስማምቶ።

በሳምንቱ ደሳለው ከኮምቦልቻ ደወለ፤
«እታለም፥ ካርታ ሊወጣ ነው፤ ትንሽ ብር ጎደለ።»
እሱም ካርታ፥ እኔም ካርታ፤ ሁለቱም ያው ወረቀት፤
የሱ መቶ ሃምሳ ካሬ ነው፤ የኔ የሰላጤው ስፋት።
«ስንት ጎደለ?» አልኩት። ነገረኝ። ዝም አልኩ። ዝም አለ።
«ላንቺም እኮ ነው» አለ ቆይቶ። እንደ ሁልጊዜው አለ።

መጀመሪያ ኩዌትን አጠፍናት፤ እኅቷ ትቀየም።
የባህሬን ድልድይ ውድ ነው፤ ደማምም ብቻውን አይጥም።
ሳላላን ለማጠፍ ግን የትርንጎ ጣት ዘገየ፤
ያ ግመል፥ ያ ጭቃ፥ ያ ጉም፥ በእጥፉ ውስጥ እየታየ።
መስካትን ሙያዬ አጠፋት፤ መታወቂያዬ «ጽዳት» ይላል፤
ለ«ጽዳት» ቪዛ አይሰጡም አሉ፤ ሄዶስ ማን ይጠይቃል?
ካርታው ታጥፎ ታጥፎ አነሰ፥ መዳፍ አከለ፤
ከልባ ብቻ ቀረች፤ የሃያ ሰባት ድርሃም ባስ አለ።

ዓርብ ሄድን። ቱናውን በላን፥ ባሕር ዳር፥ ድንጋይ ላይ፤
ከኬላው በመለስ ቆምን፥ ማዶውን ተራራ ልናይ።
ያው ድንጋይ፥ ያው ግራር፥ ያው ላብ የሚያጠምቅ ሙቀት፤
ነፊሳ «ይሄ ነው?» አለች፤ «ለዚህ ነው ይህ ሁሉ ስሌት?»

ያኔ ኪሴ ተንቀጠቀጠ። ስልኬ፥ ያ ጨለማ የማይችለው፥
ማንም ሙያ ሳይጠይቀው ድንበሩን ብቻውን ሾለከው፤
«ወደ ኦማን እንኳን በደኅና መጡ» ይላል መልእክቱ፤
ከሥሩ አምስት ድርሃም ቆርጧል፥ የመግቢያ ይሁን የእንግድነቱ።

ደብተሬን አወጣሁ። ሂሳብ ያዥ ነኝ።
«ኦማን፦ አምስት ድርሃም፤ ተከፍሏል።» ነፊሳ ሳቀችብኝ።
ትርንጎ ግን አጎንብሳ፥ ቆሎ እየቆረጠመች፥
«ኩዌትስ ስንት ትቆርጥ ይሆን?» ብላ ጠየቀች።